ቺፑ፣ እጁና ሂሳቡ፦ የሞባይል ጌም ከኮንሶል ጋር እኩል ይቆማል?

አፕል በሴፕቴምበር 2023 አይፎን 15 ፕሮን ሲያስተዋውቅ ስለ ካሜራውና ስለ ታይታኒየሙ ካወራው ሁሉ የጌም ተጫዋቾችን ጆሮ ያቆመው አንድ ነገር ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኤ17 ፕሮ የተባለው አዲሱ ቺፕ እስከዚያ ድረስ በኮንሶልና በኮምፒውተር ብቻ የሚታወቁ ትልልቅ ጌሞችን ሳይቆረጡና ሳይቀነሱ ያጫውታል ተባለ። ስማቸውም ተጠራ፦ ሬዚደንት ኢቭል ቪሌጅ፣ ሬዚደንት ኢቭል 4፣ ዴዝ ስትራንዲንግ፣ አሳሲንስ ክሪድ ሚራዥ። ቃሉ ታጥፏል ማለት አይቻልም። የመጀመሪያው በዚያው ዓመት ኦክቶበር መጨረሻ፣ የመጨረሻው በጁን 2024 ለስልክ ወጥቷል፤ ታሪኩም፣ ካርታውም፣ የተዋንያኑ ድምፅም ኮንሶሉ ላይ ያለው ነው።

የገበያው መልስ ግን ሌላ ሆነ። የመተግበሪያ ገበያን የሚከታተለው አፕፊገርስ በዚያው ጁን ወር ባወጣው ግምት፣ ሬዚደንት ኢቭል 4 ለአይፎን ከ350,000 ጊዜ በላይ ወርዷል፤ መግቢያውን በነፃ ሞክሮ ቀሪውን ለማየት ገንዘብ ያወጣው ግን 7,000 ሰው ገደማ ነው። የሚራዥን 50 ዶላር የከፈለው ደግሞ 3,000 አይሞላም። ግምት ነውና ቁጥሩ ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል። ነገር ግን በኮንሶል በሚሊዮን የሚሸጥ ሥራ በስልክ በሺህ ሲቆጠር ልዩነቱን የስሌት ስህተት አይሸፍነውም።

ይህ ሙከራ ለሂስ የሚመች ነው፤ ተቀላቅለው የኖሩ ሁለት ጥያቄዎችን ለያይቶ አሳይቷልና። ስልክ የኮንሶልን ጌም መሸከም ይችላል ወይ የሚለው አንድ ነው። በስልክ ዓለም ውስጥ እንደ ኮንሶሉ ያለ ጌም ይወለዳል ወይ የሚለው ሌላ ነው። ለመጀመሪያው መልሱ፣ ከነጉድለቱ፣ አዎ ሆኗል። ሁለተኛው ከማሽኑ ይልቅ ከገንዘቡ ጋር የተሳሰረ መሆኑን ማሳየት የዚህ ዳሰሳ ዓላማ ነው። አንድ ጌም ተጫዋቹን መቼና በምን እንደሚያስከፍል ገና ሲታሰብ ይወሰናል፤ ጌሙ ምን ዓይነት ፍጥረት እንደሚሆን የሚወስነውም ይኸው ነው።

ቺፑ

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከጉልበት ነው፤ ስልክ ትንሽ ስለሆነ ደካማ ነው ይባላል። ይህን አባባል ከማንም በላይ ያፈረሰው ራሱ ኮንሶል ሠሪው ኒንቴንዶ ነው። በማርች 2017 ለገበያ የቀረበው ስዊች የተሠራበት ቴግራ ኤክስ1 የኤንቪዲያ የሞባይል ቺፕ ነው፤ ከዚያ በፊት በ2015 የጎግሉ ፒክስል ሲ ታብሌት ውስጥ ገብቶ ነበር። የስዊች ራም 4 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ዛሬ መካከለኛ ዋጋ ያለው አንድሮይድ ስልክ ከዚያ በላይ ይዟል። በዚህ ማሽን ላይ ግን ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ የተባለው የዜልዳ ጌም ወጣ፤ ክፍት ዓለም ያላቸው ጌሞች ከዚያ በኋላ የሚሠሩበትን መንገድ ቀየረ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በሜይ 2023፣ ተከታዩ ቲርስ ኦቭ ዘ ኪንግደም በዚያው ዓይነት ቺፕና በዚያው 4 ጊጋባይት ላይ ተጫዋቹ ከሳንቃ፣ ከጎማና ከሮኬት የፈለገውን ማሽን እየገጣጠመ የሚበርበትን ዓለም ይዞ መጣ።

እነዚያ ስድስት ዓመታት ብዙ ይነግሩናል። ኮንሶል አንዴ ከተሸጠ በኋላ ለሰባትና ለስምንት ዓመት ሳይለወጥ ይቆያል። ይህ እንደ ኋላ ቀርነት ሊታይ ይችላል፤ ለሠሪው ግን በረከት ነው። የማሽኑን ጠባይ ያጠናል፣ የት ላይ እንደሚደክም ያውቃል፣ እስከማይገፋው ጥግ ድረስ ይገፋዋል። ፕሌስቴሽን 3 የወጣው በ2006 ነው፤ ዘ ላስት ኦቭ አስ የወጣው ደግሞ በ2013፣ ማሽኑ ሊሸኝ ወራት ሲቀሩት። በስልክ ዓለም ግን በየዓመቱ አዲስ ቺፕ ይመጣል፤ በአንድሮይድ በኩል ደግሞ ጌሙ በሺዎች በሚቆጠሩ የተለያዩ ሞዴሎች ላይ እንዲሠራ ይጠበቃል። ሠሪው ብዙ ሕዝብ ማግኘት ስላለበት የሚያስበው አምስት ዓመት የሞላውን ስልክ ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው፤ ውድ ስልክ የያዘ ሰው ከፍሎ የገዛው ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ሆኖ ይውላል። ለእሱ ብሎ ጌም የሚሠራ የለማ!

የማይካድ አንድ ገደብ አለ፤ ሙቀት። መጀመሪያ የወጣው ፕሌስቴሽን 5 አራት ኪሎ ተኩል የሚመዝን፣ ከሆዱ ብዙውን ማራገቢያና ሙቀት አውጪ ብረት የያዘው፣ ከባድ ጌም ሲጫወቱበት ወደ 200 ዋት የሚበላ ሳጥን ነው። አይፎን 15 ፕሮ 187 ግራም ነው። ማራገቢያ የለውም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በመስታወቱና በብረቱ በኩል፣ በያዘው ሰው መዳፍ ላይ ነው። መዳፍ የሚችለው ሙቀት የተወሰነ ስለሆነ ስልክ ሳያቋርጥ ሊያወጣ የሚችለው ጥቂት ዋት ብቻ ነው፤ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አምራቾች መድረክ ላይ የሚያሳዩት የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚሆነውን ተጫዋቹ ራሱ ያውቀዋል፦ ጌሙ ስታክ ያደርጋል፣ ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ቻርጁ ያልቃል። የስዊች ብልሃትም እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ማራገቢያ ተገጥሞላታል፤ ቺፗም ሆን ተብሎ ከሙሉ አቅሟ በታች እንድትሠራ ተደርጋለች፣ በመጀመሪያው ደቂቃም በሦስተኛው ሰዓትም ያው እንድትሆን።

ስለዚህ በዋት ሒሳብ ስልክ የዛሬውን ኮንሶል አይደርስበትም፤ የትናንቱን ግን ሁልጊዜ ይደርስበታል። የትናንቱ ደግሞ ያንሳል ወይ? ሻዶ ኦቭ ዘ ኮሎሰስ በ2005 የወጣው 32 ሜጋባይት ራም በነበረው ፕሌስቴሽን 2 ላይ ነው። ዛሬም ጌም ጥበብ ነው አይደለም የሚለው ሙግት ሲነሳ ከመጀመሪያዎቹ ምስክሮች አንዱ እሱ ነው። የእጅ ሰዓት እንኳ ከዚያ የበለጠ ራም በሚይዝበት ዘመን የጥራትን ጉድለት በቺፕ ላይ መለጠፍ ስንፍና ይመስለኛል። ስክሪኑ ትንሽ መሆኑም ለስልክ ይጠቅመዋል፤ በቴሌቪዥን ላይ የሚያስነውር ደብዛዛ ምስል በስድስት ኢንች ላይ ጥርት ብሎ ይታያል።

እጁ

ከቺፑ ይልቅ ለሂስ የሚከብደው እጅ ነው። ሶኒ በ1997 ዱዋልሾክ የተባለውን ጆይስቲክ ካወጣ ወዲህ፣ ሁለት አውራ ጣቶች በሁለት ዱላዎች ላይ አርፈው አንዱ እግር ሌላው ዓይን የሚሆኑበት አያያዝ የጌም ሁሉ የጋራ ሰዋስው ሆኗል። ልምድ ያለው ተጫዋች ጆይስቲኩን አያይም። ጣቱ የቁልፉን ጠርዝ፣ የዱላውን ግፊት፣ የንዝረቱን መልእክት ያነባል። መስታወት ጠርዝ የለውም። ጣት ቦታውን መሳቱን የሚያውቀው በስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ ይህም ሳያንስ ሁለቱ አውራ ጣቶች ከምስሉ ሰፊ ቦታ ይሸፍናሉ።

ሬዚደንት ኢቭልን በመስታወት ላይ የሞከረ ሰው ነገሩን ያለ ማብራሪያ ይረዳል። የዚያ ጌም ፍርሃት የተሠራው በትክክል ከማነጣጠር ነው፤ ጥይት ጥቂት ነው፣ የሚመጣው ጠላት ዝግ ብሎ ይመጣል፣ እጅህ ካልተንቀጠቀጠ ትተርፋለህ። በመስታወት ላይ እጅ የሚንቀጠቀጠው ከፍርሃት አይደለም። ፍርሃቱ በንዴት ይተካል፤ ድርሰቱም ሌላ ድርሰት ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ከ2019 ጀምሮ አይፎን የፕሌስቴሽንንና የኤክስቦክስን ጆይስቲክ ይቀበላል፤ አንድሮይድም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ታክሲ ተራ ላይ ቆሞ ከቦርሳው ጆይስቲክ የሚያወጣ ሰው ብርቅ ነው። ሠሪው ሊተማመንበት የሚችለው ሁሉም በያዘው ነገር ላይ ነው፤ ሁሉም የያዘው ጣቱን ነው።

በዚህ ምክንያት ኮንሶልን የሚመስሉት የስልክ ጌሞች ተጫዋቹን በድብቅ ይደግፉታል። ኮል ኦቭ ዱቲ ሞባይል መነጽሩ ጠላት ላይ ሲያርፍ ራሱ የሚተኩስበት አማራጭ አለው። ፐብጂ ሞባይል ማነጣጠርን ያግዛል፤ ለጀማሪ ደግሞ ሰው መስለው የሚሮጡ፣ በቀላሉ የሚወድቁ ቦቶችን ከሜዳው ላይ ይበትናል። ተጫዋቹ ጎበዝ የሆነ ይመስለዋል። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚያዩት አሉ፤ እኔ እንደ አስፈላጊ ምርኩዝ ነው የማየው፣ ሳይነገር መቅረቱ ግን ደስ አይለኝም።

ነገሩን ከሌላ ጎን ስናየው ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። በፌብሩዋሪ 2018 የወጣውን ፍሎረንስ እንውሰድ። ቀደም ሲል የሞኑመንት ቫሊን ንድፍ የመራው ኬን ዎንግ ከባልደረቦቹ ጋር በሜልበርን የሠራው ሥራ ነው፤ ግማሽ ሰዓት በሚሆን ጊዜ ውስጥ የአንዲት ወጣት ሴትን የመጀመሪያ ፍቅር ከመገናኘት እስከ መለያየት ይተርካል። ፍሎረንስና ክሪሽ የመጀመሪያ ቀጠሯቸው ላይ ሲነጋገሩ ተጫዋቹ የንግግሩን አረፋ እንደ እንቆቅልሽ ስዕል ይገጣጥማል። መጀመሪያ ቁርጥራጮቹ ብዙ ናቸው፤ አፍ ይተሳሰራል። እየተላመዱ ሲሄዱ ቁርጥራጮቹ እያነሱ በመጨረሻ በአንድ ንክኪ ንግግር ይሆናሉ። ሲጣሉ ደግሞ ያው ቁርጥራጭ ስለታም ጠርዝ ይዞ ይመጣል። አንድም ቃል ሳይጻፍ ጣት ራሱ መግባባትና መራራቅ ምን እንደሆነ ይማራል። ይህን በጆይስቲክ መሥራት ይቻላል፤ ፍሎረንስ በ2020 ወደ ስዊችና ወደ ኮምፒውተር ተሻግሯል። ነገር ግን የተወደደን ሰው ዕቃ ከመደርደሪያ ላይ በጣት ጎትቶ ካርቶን ውስጥ መክተትና በዱላ ጠቋሚ እየነዱ መክተት ልብ ላይ እኩል አይደርስም።

የስዊድኑ ሲሞጎ በ2013 ያወጣው ዲቫይስ 6ም እንዲሁ ነው። ጽሑፉ ራሱ ኮሪደር ሆኖ ይታጠፋል፤ አንባቢው ገጸ ባሕሪዋን ለመከተል ስልኩን በእጁ ያዞራል። ቴሌቪዥን አይዞርም። እንዲህ ያሉ ሥራዎች ፊት ስንቆም ስልክ ኮንሶልን ይደርስበታል ወይ ብሎ መጠየቅ ግጥም ልቦለድን ይደርስበታል ወይ እንደማለት ነው። የሚያሳዝነው እንዲህ ያሉት ሥራዎች እጅግ ጥቂት መሆናቸው ነው፤ ጥቂት የሆኑበት ምክንያት ደግሞ ከጣት ጋር አይገናኝም።

ሂሳቡ

በዲሴምበር 2010 ቼር የተባለው የኤፒክ ስቱዲዮ ኢንፊኒቲ ብሌድን ለአይፎን አወጣ። በአንድ ጣት ሰይፍ የሚመዘዝበት፣ ለመስታወት ተብሎ የታሰበ፣ በዘመኑ ከኮንሶል ጋር የሚወዳደር ውበት የነበረው ጌም ነው። ዋጋው 6 ዶላር ገደማ ነበር፤ ሰውም ገዛው። በዚያች አጭር ጊዜ ስልክ የራሱን ትልቅ ጌም የሚወልድ መስሎ ነበር። ነገር ግን መንገዱን የሚቀይረው ውሳኔ ከዚያ በፊት ተወስኖ አልቋል። አፕል በ2009 በመተግበሪያ ውስጥ መሸጥን ፈቀደ፤ በዚያው ዓመት መገባደጃ ፈቃዱን በነፃ ለሚወርዱትም አሰፋው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ውሎች ጎን ለጎን ቆሙ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንዱ ሌላውን ዋጠው።

የኮንሶሉ ውል ጥንታዊ ነው፦ ገንዘቡ አስቀድሞ ይከፈላል፣ ሥራው ተጠናቆ ይሰጣል፣ ሻጩ ከዚያ በኋላ ከገዢው የሚፈልገው ብዙ ነገር የለም። ሠሪው እንዲያስደስት ይገደዳል እንጂ እንዲያጓጓ አይገደድም። በነፃ የሚወርደው ጌም ውል ከዚህ ፍጹም ይለያል። በሩ ላይ ምንም አይጠየቅም፤ ስለዚህ ገቢ የሚገኘው ተጫዋቹ ውስጥ ገብቶ አንድ ነገር ሲጎድለው ነው። ጉድለት ካልተሠራ ሽያጭ የለም። በ2012 የወጣው ካንዲ ክራሽ ሳጋ አምስት ሕይወት ይሰጣል፤ ካለቁ አንዷ እስክትመለስ 30 ደቂቃ መጠበቅ ወይም መክፈል ነው። ይህ የንድፍ ስንፍና አይደለም፤ በጣም የተጠና ንድፍ ነው። አክቲቪዥን የካንዲ ክራሽን ባለቤት ኪንግን በ2016 በ5.9 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣው ለከረሜላው ስዕል አልነበረም። በኮንሶል ፈተና የሚለካው በተጫዋቹ ችሎታ ነው፤ እዚህ የሚለካው በትዕግሥቱና በኪሱ ነው። ሁለቱን ጌሞች በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ የትኛው ምስሉ ያምራል ብሎ መጠየቅ ከጉዳዩ መሸሽ ነው።

ኒንቴንዶ ይህን ትምህርት በራሱ ገንዘብ ተምሯል። በዲሴምበር 2016 ሱፐር ማሪዮ ረንን ለስልክ ሲያወጣ ጥቂት ደረጃዎችን በነፃ አሳይቶ ቀሪውን በአንድ ጊዜ 10 ዶላር ሸጠ። በሠለጠነ እጅ የተሠራ፣ ጨዋ ጌም ነበር። ወደ 200 ሚሊዮን ጊዜ ወረደ፤ ኩባንያው ግን ትርፉ አጥጋቢ ከሚባለው ደረጃ እንዳልደረሰ በ2017 ራሱ አሳወቀ። በፌብሩዋሪ 2017 የተከተለው ፋየር ኢምብለም ሂሮስ ደግሞ ተዋጊዎችን በዕጣ የሚሸጥ ነው፤ ከማሪዮ ያነሰ ሰው አውርዶት የበለጠ ገንዘብ አስገባ። አንድ ኩባንያ፣ አንድ ዘመን፣ ሁለት ውል። የትኛው ዓይነት ጌም እንደሚደገም ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

የሞኑመንት ቫሊ ታሪክም ከዚህ ጋር ይሄዳል። በ2014 በ4 ዶላር ገደማ የተሸጠ፣ በውበቱ ዓለም የተስማማበት ሥራ ነው። ሠሪው የለንደኑ አስቱ በ2015 መጀመሪያ እንደገለጸው በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ከተጫነው ውስጥ የተከፈለበት 5 በመቶው ብቻ ነበር (አንድ ሰው በሁለት መሣሪያ የሚጭነውም በስሌቱ ውስጥ አለ)። ተጨማሪ ምዕራፍ በ2 ዶላር ሲያወጣ ደግሞ ለምን ነፃ አልሆነም ብለው አንድ ኮከብ የሰጡት ብዙ ነበሩ። ተጫዋቹን መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን ይህ ተጫዋች ጌም ዋጋ የለውም የሚለውን ትምህርት የተማረው ገበያው ራሱ በከፈተው ትምህርት ቤት ነው።

ለዚህ ሁሉ መፋለሚያ የሚሆነው ብርቱ ማስረጃ ገንሺን ኢምፓክት ነው፤ በፍጥነት ልናልፈውም አይገባም። የሻንጋዩ ሚሆዮ በሴፕቴምበር 2020 ይህን ጌም በፕሌስቴሽን 4፣ በኮምፒውተርና በስልክ በአንድ ቀን አወጣው፤ ያው ዓለም፣ ያው ተራራ፣ ያው ሙዚቃ። ከብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ ብዙ መበደሩ ግልጽ ነው፤ ሥዕሉና ዜማው ግን የራሱ ነው፣ ደግሞም የሚያምር ነው። ታሪኩን ሳይከፍሉ እስከ ጥግ መሄድ ይቻላል። ታዲያ ስልክ በራሱ ውል ታላቅ ጌም ወለደ ማለት አይደለም ወይ? በከፊል አዎ። ሆኖም ዓለሙን ዞሮ የሚያይ ሰው አንድ ቦታ ላይ ግድግዳ ያገኛል። ከአለቆቹ ሽልማት ለመቀበል ሬዚን የሚባል ነገር ያስፈልጋል፤ ይህም በስምንት ደቂቃ አንድ እየሆነ ይጠራቀማል። አዲስ ገጸ ባሕሪ የሚገኘው በዕጣ ነው፤ ባለ አምስት ኮከቡ የሚወጣበት መነሻ ዕድል 0.6 በመቶ ነው፣ በ90ኛው ሙከራ ግን አይቀርም። ስለዚህ በዚያ ውብ ዓለም ውስጥ የሚጓዘው ሰው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል፤ ተጓዥና ቁማርተኛ። ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ ውስጥ ተራራ የሚወጣው ማዶ ምን እንዳለ ለማየት ነው። ገንሺን ውስጥም እንዲሁ ይጀመራል፤ በሦስተኛው ወር ግን ተራራው ለዕጣ መግዣ የሚሆነው ድንጋይ የሚለቀምበት ቦታ ይሆናል። ጉድለቱን ምስሉ ላይ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ኮንሶሉን ቅዱስ ላድርገው አልፈልግም። የእግር ኳሱ ፊፋ አልቲሜት ቲም ተጫዋቾችን በታሸገ ፓኬት በዕጣ መሸጥ የጀመረው በኮንሶል ላይ ነው፤ የቤልጂየም ባለሥልጣናት በ2018 እንዲህ ያለውን ሽያጭ ቁማር ነው ካሉ በኋላ ነው የጌሙ አሳታሚ ኢኤ በዚያ አገር ፓኬቱ የሚገዛበትን የፊፋ ፖይንት መሸጥ ያቆመው። የመደብር ኮሚሽንም ሰበብ አይሆንም፤ አፕልና ጎግል ይወስዱታል ተብሎ የሚወቀሰውን 30 በመቶ ኮንሶል ሠሪዎቹም ሲወስዱት ኖረዋል። ልዩነቱ በኮንሶል ላይ የድሮው ውል ገና አለመሞቱ ነው። በጁን 2025 የወጣው ስዊች 2 በአራት ቀን ውስጥ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ ማሪዮ ካርት ዎርልድ በአሜሪካ 80 ዶላር ተለጥፎበት ገዢ አላጣም።

ስለ ዕድሜም አንድ ቃል። አፕል በ2017 በአይኦኤስ 11 ለ32 ቢት የተሠሩ መተግበሪያዎችን መቀበል ሲያቆም የመጀመሪያው የስልክ ጌም ዘመን ትልቅ ክፍል በአንድ ሌሊት ጠፋ። ኢንፊኒቲ ብሌድም በዲሴምበር 2018 ከመደብሩ ወርዷል፤ ዛሬ ሊገዛው የሚፈልግ ሰው የሚገዛበት ቦታ የለም። በ2001 የተገዛ የፕሌስቴሽን 2 ዲስክ ግን ካልተቧጨረ ዛሬም ይሠራል። ሥራው በማይቆይበት ቦታ ሂስ የሚቆምበት መሬት የለውም፤ ስለ ስልክ ጌም የተጻፈ ቁም ነገር ጥቂት የሆነው ከፊሉ በዚህ ይመስለኛል። ጌሙን ከሩቅ ሰርቨር ወደ ስልክ በማስተላለፍ ይህን ሁሉ ጣጣ አንዘልለውም ወይ የሚሉ ነበሩ፤ ጎግል ስታዲያን በ2019 ከፍቶ በጃንዋሪ 2023 ዘግቶታል።

ከእኛ ዘንድ

እስካሁን ያልነው በኒውዮርክና በቶኪዮ ለሚኖር ሰው የተቆረጠ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጥያቄው ቅርጹን ይለውጣል። ኮንሶል ለአብዛኛው የከተማ ልጅ የግል ዕቃ ሆኖ አያውቅም፤ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሻንጣ መጥቶ ጌም ቤት ገብቶ የሰፈር ሆነ። ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ከኋላ ቆሞ የሚያሽሟጥጥ ተመልካች፣ የተሸነፈ ይከፍላል። እዚያ ቤት ውስጥ የእግር ኳሱ ጌም የፒኢኤስ ጥራት የሚለካው በሣሩ ልምላሜ አልነበረም፤ ጎን ለጎን የተቀመጠውን ሰው በማሸነፍ ነበር። ሶኒ የኦንላይን አገልግሎቱን በይፋ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሰጥም። በሜይ 2024 ሄልዳይቨርስ 2 የተባለው ጌም የሶኒ አካውንት ግዴታ ሊሆንበት ነው ሲባል፣ እንዲህ ባሉ ከ170 በላይ በሆኑ አገሮችና ግዛቶች ጌሙ ስቲም ከተባለው የኮምፒውተር ጌም መደብር ሽያጭ ሲወርድ የዓለም ተጫዋቾች ተንጫጩ፤ እኛ ግን ከድሮም ከአገልግሎቱ ዝርዝር ውጪ ነበርን።

ስልክ ለዚህ አገር ተጫዋች የኮንሶል ተፎካካሪ ሆኖ አልመጣም፤ ለብዙው የመጀመሪያውና ብቸኛው የጌም መሣሪያ ሆኖ መጣ። እሱም ኤ17 ፕሮ ያለው አይደለም፤ ቴክኖ ወይም አነስተኛ ሳምሰንግ ነው። ፍሪ ፋየር የተባለው የተኩስ ጌም የሚወደደው ለዚህ ነው፤ ሲሠራ ጀምሮ አቅመ ደካማ ስልክ ታስቦለታል፣ ዙሩም ወደ አሥር ደቂቃ ነውና ዳታውም ቻርጁም ሳያልቅ ይጠናቀቃል። ይህ ጥራት ነው። ምስሉን ከፕሌስቴሽን 5 ጋር ያወዳደረ ሐያሲ ይህን አያየውም።

ውሉ ግን እዚህም ይከተለናል፣ በተገለበጠ መልኩ። የኢትዮጵያ ተጫዋች በአብዛኛው ቢፈልግም መክፈል አይችልም፤ የአገር ውስጥ የባንክ ካርድ ለውጭ መደብር የውጭ ምንዛሪ እንደ ልብ አይከፍልምና። በነፃ ጌም ሒሳብ ውስጥ የማይከፍል ተጫዋች ከንቱ አይደለም፤ የሚከፍለው ሰው የሚያሸንፈው፣ ልብሱንም የሚያሳየው ሕዝብ እሱ ነው። የእኛ ወጣት በዚያ ሜዳ ላይ እንግዳ መስሎ ቢገባም ለሌላው ድግስ አድማቂ ሆኖ ነው የሚያመሸው። የአገር ውስጥ ሠሪም የዚሁ ውል እስረኛ ነው። ቅኔ ጌምስ ከገበሬው የምታመልጠውን ዶሮ ይዞ ኩኩሉን ሲሠራ፣ በኋላም ገበጣን ወደ ስክሪን ሲያመጣ፣ ለስልክ የሚመጥንና ከእኛ የሆነ ሐሳብ እንደማይጠፋ አሳይቷል። የጠፋው ያን ሐሳብ አንዴ ሸጦ ቀጣዩን መሥራት የሚያስችል ገበያ ነው።

ስለዚህ የእኛ ሠሪዎች ሬዚደንት ኢቭልን በስልክ ለመሥራት ባይደክሙ እመክራለሁ፤ የጌሙ ባለቤት ካፕኮም ራሱ ሞክሮ ያገኘውን አይተናል። ፍሎረንስን በሚያህል ስፋት፣ በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ፣ ዕጣም ሬዚንም የሌለበት፣ በዚህ አገር ሕይወት ላይ የቆመ ሥራ በትንሽ ቡድን ሊሠራ ይችላል። የሚቀረው ክፍያው ነው። ቴሌብርን በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው ለትራንስፖርትና ለመብራት ይከፍልበታል። ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ ሳፋሪኮም፣ ያለቀ ጌም በአንድ ማኪያቶ ዋጋ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሸጥበት፣ ገንዘቡም በብር ለሠሪው የሚደርስበት መደብር ይክፈቱ። የባህል መጽሔቶቻችን ደግሞ ለመጽሐፍና ለፊልም የሚሰጡትን ገጽ ጥቂቱን ለእነዚህ ሥራዎች ይስጡ።